የጋሽ ይልማ ባሩድና የእኔ ክትፎ

ጋሽ ይልማ ማረፋቸውን የሰማሁት ዩኒየን ሲቲ ውስጥ አንድ የዓሣ ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ ሆኜ፣ የተቃጠለ የማቀዝቀዣ ሞተር እየፈታሁ ነው። የደወለችው ልጃቸው ማህሌት ናት። አማርኛ ከምትናገረው ይልቅ የምትሰማው ይበልጣል። "ታዴ፣ ዳዲ... አረፈ" አለችኝ። ቃሏን ከየት እንዳመጣቻት እንጃ። እዚያው ጣሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች ባለቤቱ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" እያለ ይጮህብኛል፤ ዓሣው እየሞቀበት ነው። እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ሞተሩን ቀየርኩት። ጋሽ ይልማ ቢያዩኝ "ዓሣው ምን በደለ?" ነበር የሚሉኝ።

ስለ ደግ ሰው መጻፍ ቀላል ነው ይባላል። ውሸት ነው! ስለ እሳቸው ለመጻፍ የራሴን ቅሌት አብሬ ማውጣት አለብኝ። ሰውየው የእኔን ጥፋት ሦስት ዓመት ሙሉ በስማቸው ተሸክመው ነው ያለፉት። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ አየሁ።

አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቫን አብረን ሠርተናል። ሥራችን የምግብ ቤትና የግሮሰሪ ማቀዝቀዣ መጠገን ነው፤ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያልገባንበት ወጥ ቤት የለም። እኔ ስቀጠር ስለ ሙያው የማውቀው ፍሪጅ ሲከፈት መብራት እንደሚበራ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን አዲስ አበባም የቢራ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ይጠግኑ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ኪስ እሳቸው የሚሰኩት ረጅም መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ነው። ያገኙትን ነገር በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ፤ የፍሪጅ በር፣ የመኪና ጎማ፣ የእኔን ግንባር። "ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ፤ ሥጋው ደህና ነው" ይላሉ፤ ደግሞ ቴርሞሜትሩን ሲከቱት ሠላሳ ዘጠኝ ነው። የአሜሪካን ዲግሪ ማለቴ ነው። አንድ ፋሲካ ሰው ቤት ተጋብዘን፣ የቀረበላቸው ዶሮ ወጥ ውስጥ መርፌውን ሰክተው ባለቤቲቱ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ተቀይማቸዋለች።

ተኩስ የጀመሩትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። ከአልታሞንት ኮረብታ ማዶ አንድ የተኩስ ሜዳ አለ፤ የበረዶ ማሽኑ ተበላሽቶ ልንጠግን ሄድን። እዚያ አንድ ሽማግሌ ነጭ ተቀምጦ ይበሳጫል። ጠዋት ዒላማው መሐል ያገባ የነበረው ጠመንጃ ከሰዓት በኋላ ከፍ እያለ እየመታበት ነው። ጠመንጃው ያው፣ ጥይቱ ያው፣ ሰውየው ያው። ጋሽ ይልማ መፍቻቸውን አስቀመጡና "ጠዋት ስንት ዲግሪ ነበር?" ብለው ጠየቁት። ሰውየው አያውቅም። እኔ የበረዶ ማሽኑን ብቻዬን ስጠግን እሳቸው እስኪመሽ አጠገቡ ቁጭ ብለው ቁጥር ሲጽፉ ዋሉ። በሚቀጥለው ወር አባል ሆነው ቁጭ!

"ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ጠመንጃ?" ብዬ ሳቅሁባቸው።

"ጠመንጃ ማን ወደደ? እኔ የምወደው ሙቀቱን ነው" አሉኝ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅም ርቀት የሚተኩሱ ሰዎች ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ። ቀለሁን ያጸዳሉ፣ ባሩዱን በሚዛን ይለካሉ፣ አረሩን ከላይ ይገጥማሉ። አሥር ሜትር ላይ ትንሽ ልዩነት ማንም አያየውም። ሺህ ያርድ ላይ ግን ያቺ ትንሽ ልዩነት ዒላማውን ያስታል። ሰዎቹ መጠኑን ያስባሉ እንጂ ሙቀቱን ይረሳሉ። ጋሽ ይልማ "ባሩድ እንደ ሰው ነው፤ ሲበርደው ይለግማል፣ ሲሞቀው ይቆጣል" ይላሉ። በብርድ ቀን ያው ባሩድ ቀስ ብሎ ይነድና ጥይቱ ዝቅ ይላል። በሙቀት ቀን ፈጥኖ ይነድና ከፍ ይላል። እዚህ ድረስ ችግሩ ነጥብ መጣል ብቻ ነው። ነገር ግን መጠኑ አስቀድሞ ጫፍ የደረሰ ከሆነ፣ ከመጠን በላይ የሞቀ ጥይት ውስጥ ያለው ግፊት ጠመንጃውን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ያ ጠመንጃ ደግሞ ያለው ከተኳሹ ዐይን ሥር ነው።

ሳን ሊያንድሮ ያለው ጋራዣቸው ቤተ መቅደስ ነበር። ክረምት ከበጋ ስልሳ ዲግሪ። ባሩድ ሲመዝኑ ወሬ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ስልክ ከውጪ ይቀራል። አንድ ቀን ሳላውቅ "ጤና ይስጥልኝ ጋሼ!" ብዬ ገባሁ። ቀና አሉ፣ አዩኝ፣ የሞሏቸውን አርባ ቀለሆች አንድ በአንድ እያነሡ ባሩዱን ወደ ጣሳው መለሱት።

"አርባውንም?" አልኳቸው።

"አርባውንም። ስትጮህብኝ የትኛው ላይ እንደነበርኩ አንተ ታውቃለህ?"

አንድ ክፉ ጠባይ ነበራቸው፤ መናገር አለብኝ። ያዝዛሉ እንጂ አያስረዱም። "ይህን ያዝ።" "እዚያ አስቀምጥ።" "አትንካ።" ለምን ብትል "ያዝ አልኩህ እኮ!" ነው። የሚያስረዱት ለማህሌት ብቻ ነበር።

ማህሌት በርክሌ ሆስፒታል ነርስ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ እሷና አባቷ ቤት ውስጥ የሚያወሩት ጠፋ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ይሰበራል፣ የእሷ አማርኛ ያልቅባታል። የተገናኙት እሷም ተኩስ ስትጀምር፣ በቁጥር ነው። ሜዳው ላይ እሷ በደረቷ ተኝታ ታነጣጥራለች፣ እሳቸው ከጎኗ በርቀት ማያ መነጽር ያያሉ። "ዳዲ፣ ቴምፕ?" "ሰባ አራት።" "ኦኬ።" የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ መነጽር ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ ትተኩሳለች፣ ታገባለች። እሳቸው አይስቁም፤ ግን ጆሯቸው ይቀላል። በዚህ ሙያ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት መተኮስ ነውር ነው፤ እጅህን ለማታውቀው ሰው አትሰጥምና። ማህሌት ግን የአባቷን ጥይት ዐይኗን ጨፍና ትቀበል ነበር። እኔ ሚስቴን ፈትቼ ኦክላንድ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝና ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ዓውደ ዓመቱንም የማሳልፈው እነሱ ቤት ነው።

እንግዲህ ወደ ቅሌቴ ልምጣ።

ሐምሌ ነበር፤ የክለቡ ውድድር ቀን። ከኮረብታው ማዶ ያለው ሙቀት መቶ አምስት ገብቷል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወደ ትልቁ የግዛት ውድድር ያልፋሉ። ማህሌት ዓመት ሙሉ ፈረቃዋን እየቀየረች ስትለማመድ ቆይታለች። ጋሽ ይልማ ለመጨረሻው ርቀት፣ ለሺው ያርድ፣ ሃምሳ ጥይት ሞልተውላታል፤ መጠኑ ጫፍ ላይ ያለ፣ በቀዝቃዛ ማለዳ ተፈትኖ የተስተካከለ። ስለዚህ ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልለው ኩለር ውስጥ ከተቱት፣ ቴርሞሜትራቸውንም ጎኑ አስቀመጡ። "ይህን ጠብቅ" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም "እሺ" አልኩ።

ማህሌት ከሺው ያርድ በፊት ያሉትን ርቀቶች ከሌላ ሳጥን ተኩሳ ሁለተኛ ወጣች። ደስታዬ ልክ አጣ። እኔ ደግሞ ታሸንፋለች ብዬ ከኦክላንድ ክትፎ ይዤ መጥቻለሁ፤ ያውም ጥሬ! ቫኑ ውስጥ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ዓመታት ሙሉ ማቀዝቀዣ የጠገንኩ ሰው ነኝ፤ ጥሬ ሥጋ በመቶ አምስት ዲግሪ ምን እንደሚሆን አይጠፋኝም። ኩለሩን ከፈትኩ፣ ቦታ የለም። የጥይቱን ሳጥን አወጣሁና ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አደረግሁት። ክትፎውን በክብር ኩለር ውስጥ አስገባሁ። ጥይት አይበላሽ!

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የማህሌት ተራ ተጠራ፤ "አሥር ደቂቃ!" አለ ተቆጣጣሪው። ጋሽ ይልማ ወደ ቫኑ መጡ። ኩለሩን ከፈቱ። ክትፎውን አዩ። ቀና ብለው ዳሽቦርዱን አዩ። ሳጥኑን በእጃቸው ጀርባ ነኩና እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ያኔ ገባኝ፤ ክው አልኩ።

"መልሰን ብናቀዘቅዘውስ?" አልኩ።

"ሥጋ ከላዩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ቀዝቅዟል ትላለህ? ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሥር ደቂቃ አይበቃውም።"

ማህሌት እየሮጠች መጣች። "ዳዲ፣ አሞውን፣ ጥይቱን ስጠኝ!"

ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው "አትተኩሺም" አሏት።

"ዋት? ላስት ስቴጅ ነው እኮ!"

እኔ አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ልናገር ነበር። ጋሽ ይልማ ቀደሙኝ። "ሚዛኔ ስቶብኛል" አሉ። "ትናንት ስመዝን ተሳስቻለሁ። ስንት እንዳደረግሁ እርግጠኛ አይደለሁም።"

ሰውየውን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህን ቃል ከአፋቸው መስማት ማለት... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አርባ ቀለህ ለአንድ ሰላምታ የደፉ ሰው! ማህሌት አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ተቆጣጣሪው ሰማ፣ አጠገቡ ያሉትም ሰሙ። ምክር ሊጠይቋቸው ይሰለፉ የነበሩት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ከጎኗ ካለ ተወዳዳሪ ጥይት ለምና ተኮሰች፤ ጠመንጃዋ ያላወቀውን ጥይት ምን ያደርገዋል? አራተኛ ወጣች። ያለቀሰችው መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነው። ብቻዋን ነድታ ሄደች።

እኛ በቫኑ ስንመለስ ኮረብታው አናት ላይ ደረስን። ከዚያ እሳቸው፣ "ክትፎው ደህና ነው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ።"

"አትነግራትም። እኔ አባቷ ነኝ፤ ብትቀየመኝ ሰንብታ ትመጣለች። አንተ ግን ታፍራለህ። ካፈርክ ደግሞ ትጠፋለህ፤ አውቅሃለሁ።" ቀጥለውም፣ "ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? ጠብቅ አልኩህ እንጂ ለምን እንደሆነ መቼ ነገርኩህ?" አሉ።

በማግሥቱ ጋራዥ ጠሩኝ። ሃምሳውን ጥይት አንድ በአንድ እየነቀልን ባሩዱን መዘንነው። ሃምሳውም ልክ ነበር፤ አንዲት ቅንጣት አልበዛም፣ አልጎደለም። ሃምሳኛውን ሲያዩ "ልክ ነው" አሉ፤ ከዚያ ባሩዱን ይዘው ወጡና ጓሮ ሣሩ ላይ በተኑት።

እኔ የገመትኩት ማህሌት ትቆጣና ይበርድላታል ብዬ ነው። የመጣው ሌላ ነው። ነርስ ናት፤ አባቷ መርሳት የጀመሩ መሰላት። "ዳዲ ተሳስቶ አያውቅም፤ ሳምቲንግ ኢዝ ሮንግ" አለችኝ። ጥይቷን ከሱቅ መግዛት ጀመረች። የመድኃኒታቸውን ሣጥን ራሷ መሙላት ጀመረች። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ አእምሯቸውን ለመፈተን ሰዓት ይሳሉ አሏቸው፣ ሳሉ። ስለው ሲጨርሱ ለሐኪሟ "ይቺ ክፍል ሰባ ስድስት ናት፤ ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ሰባ ይላል፤ አስጠግኑት" አሏት። ሐኪሟ ደህና ናቸው ብትልም ማህሌት አላመነችም። አንድ ቀን ሲነዱ የሳን ሊያንድሮን የአውራ ጎዳና መውጫ አልፈው ተመለሱ፤ ማን ያላለፈው መውጫ ነው? በዚያው ሳምንት የመኪናቸውን ቁልፍ ተቀበለቻቸው።

ቁልፉን ሲሰጡ እዚያው ነበርኩ። "እንኪ ልጄ" አሉና በሁለት እጃቸው ሰጧት። ወደ እኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። እኔም ምላሴን ዋጥኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሹፌራቸው ሆንኩ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም፣ ገበያ፣ ሜዳው። ሰው ሁሉ "ታደለ እንደ ወለዱት ልጅ ጦራቸው" ይለኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር? ምስጋናው ጣመኝ። መጀመሪያ ያላወራሁት ስለፈራሁ ነው፤ በኋላ ያላወራሁት ግን ስለጣመኝ ነው።

እሳቸው ግን ተለወጡ። የማያስረዱ የነበሩት ሰውዬ ማስረዳት ጀመሩ፤ ያውም መቆሚያ የለው! "ታደለ፣ ይህን ጠርሙስ ከመስኮቱ አርቀው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።" "ጥይቱን በጋለ ጠመንጃ ውስጥ አታቆየው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።" አንዳንዱ ባሩድ ሙቀት ብዙም እንደማይለውጠው፣ በዚያኛውም ቢሆን መተማመን እንደማይገባ፣ ቁጥሩን ከሙቀቱ ጋር አንድ ላይ መጻፍ እንዳለብኝ፣ ቀዝቃዛውን ብቻ ሳይሆን ያለሁበትን ቦታ ከፍተኛ ሙቀት አስቤ መጠኑን ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ... ጋራዣቸውን አልዘጉትም። ማህሌት ባትተኩስላቸውም በየወሩ ይሞሉ ነበር። ሜዳው ላይ ከጎኗ ቁጭ ብለው የሱቅ ጥይት ስትተኩስ ያያሉ። "ዳዲ፣ ቴምፕ?" ስትል ይነግሯታል። ስትስት ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

ለቅሶ ሳን ሊያንድሮ ቤታቸው ተቀመጥን። ሦስተኛው ቀን ሰው ሞልቷል። አንዲት እናት "እንዳንተ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ" ብለው መረቁኝ። ማህሌት ውሃ ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። "ታንክ ዩ ታዴ። በጣም ጥሩ ነበርክለት። በመጨረሻ እኮ... ራሱን ማመን አቃተው" አለችኝ።

ከዚህ በኋላ መሸከም አልቻልኩም። "ነይ" ብዬ ወደ ጋራዡ ወሰድኳትና አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት። ክትፎውን፣ ዳሽቦርዱን፣ ሃምሳውም ልክ እንደነበር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ቁልፉን ወሰድኩበት" አለች። የመኪናውን ቁልፍ የያዘች ይመስል የቀኝ እጇን ዘርግታ እያየች። "ታዴ፣ ቁልፉን እኔ ወሰድኩበት። ሰጠኝ። ምንም አላለም።"

"ማህሌት፣ ይቅርታ..."

"አንተ ቆመህ አየህ።"

"አዎ።"

ከዚያ ወደ ቤቱ በር ጠቆመች። "ለእነሱ ንገር። ሁሉም ዳዲ ሴናይል ሆኖ፣ ጃጅቶ ሞተ ነው የሚሉት። ንገራቸው።"

ገባሁና መሐል ቆምኩ። ከተኩስ ሜዳው የመጡት ሁለት ሽማግሌዎችም በር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልኩት። "ጋሽ ይልማ ባሩድ ሲመዝኑ ተሳስተው አያውቁም። አእምሯቸውም እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የመረቁኝ እናት "ጥይት ደግሞ በረዶ ውስጥ ምን ያደርጋል?" ብለው ጠየቁ። ምን ላድርግ፣ አስረዳኋቸው። ለቀስተኛ ተሰብስቦ፣ ንፍሮ እየዞረ፣ ባሩድ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ከነምክንያቱ ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። ሳስረዳ ነው ያለቀስኩት። እንደዚያ ሆኜ ለእናቴም አላለቀስኩም።

ማህሌት እስከ አርባው አላነጋገረችኝም። እኔም እሳቸው እንዳሉት ልጠፋ ነበር፤ እቃዬን ጠቅልዬ ወደ ሳክራሜንቶ ልሄድ አስቤ ነበር። በአርባው ግን ሄድኩ። ምግብ አሳለፍኩ፣ ወንበር ሰበሰብኩ፣ ዐይኗን ሳላይ ወደ በሩ አመራሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ቅዳሜ ሜዳ እንሄዳለን" አለችኝ። "አንተ ትነዳለህ። የምተኩሰው ዳዲ የሞላውን ጥይት ነው።"

"እሺ" አልኳት።

በሩን ልትዘጋ ጀምራ መልሳ ከፈተችው። "ታዴ" አለች፣ "ምግብ እንዳታመጣ።"